የዚንክ ስፕሬይና የብየዳ ክፍላችን



ዛሬ የምናገረው ዚንክ የተለበጠ ብረት ከተበየደ በኋላ የተቃጠለውን ሽፋን ለመተካት ስለምንረጨው የዚንክ ስፕሬይ ነው። ብዙዎቻችን አደጋው ከዚንኩ የሚመነጭ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛል። የእኔ ስጋት ግን ቀለሙን ከጣሳው ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔንና ቡቴን፣ ማለትም ምግብ የምናበስልበት ጋዝ ነው። የ1987ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ያገዳቸው ጋዞች ኦዞንን ይጎዱ ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ አይቀጣጠሉም ነበር።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወለል ለወለል ይሳባል፤ በፍሳሽ ቦይም ይተኛል። ከፍ ያለ መስኮት መክፈት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ተማሪ ገና ባልበረደ ብየዳ ላይ ሲረጭ ነበልባሉ እስከ ጓንቱ ደረሰ። እርሱን አልወቅስም፤ «ቶሎ ጨርሱ» ብዬ ያጣደፍኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍል ብየዳና ርጭት በአንድ ቦታ አይካሄዱም።

ጣሳው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ የለበትም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም። ከኦክስጅን ሲሊንደር ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይቀመጥ። ባዶ በምንለው ጣሳ ውስጥም ጋዝ ይቀራልና አይበሳም፣ አይቃጠልም።

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንውረድና መደርደሪያውን አብረን እንይ።