የደረሰኝ ማተሚያ መሣሪያ ሁኔታውን ለኮምፒዩተር የሚያስታውቅበት መንገድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ይኸውም በሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጠው የደረሰኝ ማተሚያ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቅበት መንገድ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ትንሽ ነገር ላይ የነጋዴው ገንዘብና የመንግሥት ገቢ የተንጠለጠሉ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ሰጥተን ብንመረምረው የሚያስቈጭ አይሆንም።

እንደሚታወቀው፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በ1994 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን መጠቀም ግዴታ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ለገዢው የሚሰጥ ብጣሽ ወረቀት ብቻ ሳይሆን፣ በመሣሪያው ውስጥ የማይፋቅ መዝገብ ያለው ማስረጃ ነው። ስለዚህ «ደረሰኙ ታትሟል ወይስ አልታተመም?» የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ነው።

ይህንንም በምሳሌ ላስረዳ። በአርሲ፣ በጄጁ ወረዳ፣ በአርቦዬ ከተማ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ በገበያ ቀን የ4,000 ብር ቆርቆሮ ሸጡ። ደረሰኙ እኩሌታው እንደ ታተመ ጥቅል ወረቀቱ አለቀ። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም አለ። ገንዘብ ተቀባይዋም ትእዛዙ ያልደረሰ መስሏት እንደገና አዘዘች። አዲስ ወረቀት ሲገባ ማተሚያው በማስታወሻው ወረፋ ይዞት የቆየውን ፊተኛውን ደረሰኝ ፈጸመ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን አተመ። አንዱ ሽያጭ ሁለት ሆኖ ተመዘገበ፤ በ15 በመቶ ስሌት 600 ብር የነበረው ታክስም 1,200 ብር ሆነ። ማተሚያው ወረቀት ማለቁን ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ማተሚያና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩበት ጥንታዊው ዘዴ ለእያንዳንዱ ሁኔታ አንድ ሽቦ መመደብ ነበር። የሴንትሮኒክስ ኩባንያ ባስለመደው ትይዩ መስመር አንዱ ሽቦ «ሥራ ላይ ነኝ»፣ ሌላው «ወረቀት አልቋል»፣ ሦስተኛው «ዝግጁ ነኝ»፣ አራተኛው «ብልሽት አለ» ይላል። በተከታታይ መስመር ደግሞ ማተሚያው ወረፋው ሲሞላበት 19 ቍጥርን ልኮ «ቁም» ይላል፤ ሲቀልለት 17ን ልኮ «ቀጥል» ይላል። ይሁን እንጂ «ቁም» ማለት ብቻውን ምክንያቱን አይገልጽም።

በመሆኑም የጃፓኑ ኤፕሰን ኩባንያ ያወጣውና ሌሎች ሠሪዎችም የተከተሉት የትእዛዝ ቋንቋ ሁኔታን በዝርዝር መጠየቂያ አበጀ። ኮምፒዩተሩ 16፣ 4 እና ከ1 እስከ 4 ካሉት አንዱን ቍጥር ይልካል። 1 ስለ አጠቃላይ ሁኔታ፣ 2 ሥራ ስላቆመበት ምክንያት፣ 3 ስለ ብልሽት፣ 4 ስለ ወረቀት ይጠይቃል። መልሱ አንድ ባይት ነው። ሁሉ ደኅና ከሆነ 18 ይመጣል። ስለ ወረቀት ተጠይቆ 30 ቢመልስ ጥቅሉ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ 126 ቢመልስ ፈጽሞ አልቋል። በ2 ተጠይቆ 22 ቢመልስ ክዳኑ ተከፍቷል ማለት ነው። መልሱ ሁልጊዜ ሙሉ ቍጥሩ ተጋማሽ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ጎዶሎ ከሆኑት ከ17 እና ከ19 ጋር ከቶ አይምታታም። ይህ የብልኅ ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ 29 እና 97 በሚል ትእዛዝ ማተሚያውን አስቀድሞ አደራ ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሁኔታው በተለወጠ ቍጥር ሳይጠየቅ አራት ባይት ይልካል። በሕግ የተፈቀዱት የሽያጭ መመዝገቢያ ማተሚያዎች እንደየሠሪያቸው የራሳቸው ቋንቋ ቢኖራቸውም መርሑ ያው ነው።

እዚህ ላይ በብርቱ ላሳስብ የምፈልገው፣ «ተልኳል» እና «ታትሟል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ከማተም በፊት መጠየቅ አይበቃም፤ ወረቀቱ ከጥያቄው በኋላ ሊያልቅ ይችላልና። ፊተኛው ጥያቄ ወረፋ ሳይጠብቅ ወዲያው የሚመለስ ነው። 29 እና 114 የሚለው ጥያቄ ግን ተራውን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከደረሰኙ በስተኋላ ቢላክና መልስ ቢመጣ፣ ከፊቱ የነበረው ሁሉ መስተናገዱን ያመለክታል። መልስ ከዘገየ ፕሮግራሙ ዳግመኛ ማተምን ከልክሎ፣ ምክንያቱን ለገንዘብ ተቀባይዋ በሚገባት ቋንቋ ሊነግራት ይገባል።

ማተሚያውም ቢሆን የሚናገረው መፈተሻው ያየውን ብቻ ነው። ወረቀት መኖሩን የሚያውቀው በብርሃን ነጸብራቅ በመሆኑ፣ ስንዴና ዱቄት በሚሸጥበት ቤት አቧራ ሲጋርደው ሊሳሳት ይችላል። ጥቅል ወረቀት በተለወጠ ቍጥር በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት የመሣሪያውን ቃል እውነተኛ ያደርገዋል።

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፤ አርቦዬ ላለው ነጋዴ ጠጋኙ ከአሰላ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቀኑ ያልፋል። ፕሮግራም ስንጽፍም ሆነ መሣሪያ ስንተክል፣ ማተሚያው የሚናገረውን የሚሰማ ጆሮ ሳናበጅ ርክክብ አንፈርም።