ደጋግሞ መውደቅን የሚያስወድድ ጨዋታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ጨዋታ ነው። መምህራን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መናገር ለአንዳንዶቻችን ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ከክፍል ወጥቶ ስልኩን ከኪሱ የሚያወጣው ወጣት የእኛው ተማሪ ነው። ከሚጫወታቸውም ጨዋታዎች መካከል አንድ ለየት ያለ ወገን አለ፤ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፍበት፣ በተሸነፈም ቁጥር ያፈራውን ሁሉ አጥቶ ከመነሻው የሚጀምርበት ነው። በሒሳብ ፈተና አንድ ጊዜ ሲወድቅ ተስፋ ቆርጦ ደብተሩን የሚከድን ልጅ፣ በዚህ ጨዋታ ሃያ ጊዜ ወድቆ ሃያ አንደኛውን ያለ ማንም ጎትጓች ይጀምራል። ይህ ለምን ሆነ? ጥያቄው የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሙያችንም ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ጨዋታ አባት «ሮግ» ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ወሮበላ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመሩት፤ ኋላም ኬን አርኖልድ አብሯቸው ሠራ። በርክሌይ ዩኒክስ ከሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር ስለ ተሰራጨ በየዩኒቨርሲቲው ታወቀ። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ግድግዳው ሰረዝ፣ ወለሉ ነጥብ፣ አውሬዎቹም የላቲን ፊደላት ነበሩ። ተጫዋቹ ወደ ምድር ውስጥ ዋሻ ወርዶ፣ በ26ኛው ደርብ የተሰወረውን ክታብ ይዞ ወደ ብርሃን መውጣት አለበት። ስንቁ ስለሚያልቅም በአንድ ስፍራ ተደላድሎ መቀመጥ አይችልም። የእርሱን ፈለግ የተከተሉት ጨዋታዎች «ሮግላይክ»፣ ማለትም ሮግ መሰል ይባላሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን «ሃክ»ን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት፣ ጄይ ፌንላሰንና ጓደኞቹ፣ በአሜሪካ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደ ነበሩ ለእኛ ለመምህራን ማስታወሱ ይጠቅማል። ከ«ሃክ» የተወለደው «ኔትሃክ»ም እ.ኤ.አ. በ1987 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች ሲታደስ ኖሯል።

የጨዋታው ምሥጢር በሁለት ሕጎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ሕግ፣ ዋሻው በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራል የሚል ነው። ክፍሎቹንና መተላለፊያዎቹን ኮምፒዩተሩ በዕጣ ይደለድላቸዋል። የመድኃኒቶቹም ቀለም ይለዋወጣል፤ ትናንት ያዳነው ሰማያዊ ጠርሙስ ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሕግ፣ ሞት የማይመለስ ነው የሚል ነው። ተጫዋቹ ጨዋታውን አስቀምጦ በማግሥቱ ሊቀጥለው ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ግን ወደ ተቀመጠው ቦታ ተመልሶ ስሕተቱን መሰረዝ አይችልም።

እነዚህ ሁለት ሕጎች ተለያይተው ቢቆሙ ኖሮ ዋጋ ባልኖራቸውም ነበር። ዋሻው ሳይለወጥ ሞቱ ብቻ ቢኖር፣ ተጫዋቹ መንገዱን እንደ ዳዊት ይደግመዋል እንጂ አያስብም። ሞቱ ቀርቶ ዋሻው ብቻ ቢለዋወጥ ደግሞ፣ የሚያጣው ነገር ስለሌለ አይጠነቀቅም። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ሽምደዳ ዋጋ ያጣል፤ ማስተዋል ዋጋ ያገኛል። ተጫዋቹ ከሞት ይዞት የሚነሣው ሰይፍም ሆነ ወርቅ የለም፤ ይዞት የሚነሣው ዕውቀት ብቻ ነው። ያልታወቀ ጠርሙስ በጠላት ፊት እንደማይጠጣ፣ ብዙ ጠላት ሲመጣ በጠባብ መተላለፊያ ቆሞ አንድ በአንድ መግጠም እንደሚሻል፣ በጊዜ መሸሽም ጥበብ እንጂ ፍርሃት እንዳልሆነ የሚማረው በመሞት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከወረራው በኋላ የሚገኘው አሰላለፍ በየጊዜው የተለያየ ስለ ሆነ፣ መክፈቻውን በቃሉ ያጠና ሰው የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነበር። የቀደሙት አባቶች በእጃቸው ፍጥነት ያደረጉትን፣ ኮምፒዩተሩ ዛሬ በዕጣ ያደርገዋል። ገበጣ ደግሞ የተለየውን ጎን ያሳየናል። በገበጣ የተሰወረ ነገር የለም፤ ጠጠሩ ሁሉ በጉድጓዱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው በዕድል ማሳበብ አይችልም፤ ጨዋታው ግን አጭር ነውና ጠጠሩን እንደገና ደልድሎ ይጀምራል።

እንግዲህ ስለ አስቸጋሪነቱ ጥቂት ልበል። አስቸጋሪ የሆነ ሁሉ አይወደድም። ችግሩ የሚወደደው፣ የወደቀው ሰው የውድቀቱን ምክንያት በገዛ ዓይኑ ሲያይ ነው። ጥሩ ሮግላይክ ተጫዋቹን ሲገድለው «በዚህ ምክንያት ሞትህ» ይለዋል፤ ተጫዋቹም ከሦስት ርምጃ በፊት ምን ማድረግ እንደ ነበረበት ይገባዋል። ምክንያቱ በማይታይበት ጨዋታ ግን ሰው ይናደዳል፤ ከዚያም ይተወዋል። በዚህ ረገድ በየከተማው ከተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ጋር ያለውን ልዩነት ለወጣቶቻችን ማስረዳት ይገባናል። በሁለቱም ዕድል አለ። ነገር ግን በሮግላይክ ዕድል ጥያቄውን ይሰጣል እንጂ መልሱን አይሰጥም፤ መልሱ የተጫዋቹ ነው። ተወራራጁ በበኩሉ ውርርዱን ካስያዘ በኋላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም፤ የሚከፍለውም እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ከጊዜ በኋላ የሮግን ጭካኔ ያለዘቡ ጨዋታዎች መጡ፤ «ሮግላይት» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ሮግ ሌጋሲ» ጀግናው ሲሞት ልጁ ይተካዋል፤ አባት የሰበሰበው ወርቅም ለልጁ ማጠናከሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተጠናቀቀው «ሄዲስ» ደግሞ፣ ከሙታን ዓለም ለማምለጥ የሚታገለው ልዑል በሞተ ቁጥር ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ታሪኩም ከዚያው ይቀጥላል። ይህ ርኅራኄ ብዙ ሰዎችን ወደ ጨዋታው አምጥቷል። ሆኖም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ተጫዋቹ በሠላሳኛው ሙከራ ያሸነፈው እርሱ ስላወቀ ነው ወይስ ሰይፉ ስለ ተሳለለት? የጥንቱ ሮግ ሰውየውን ያሳድጋል፤ አዲሱ አንዳንድ ጊዜ መሣሪያውን ብቻ ያሳድጋል። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ውድቀቶች የሚያለዝብ እጅ ያስፈልገዋልና፣ ሮግላይትን ፈጽሞ መንቀፍ አይገባም።

በዞናችን እነዚህን ጨዋታዎች ለማግኘት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ሻተርድ ፒክስል ደንጀን» በተራ የአንድሮይድ ስልክ፣ ያለ ክፍያ፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የምናስታውስ ሁሉ፣ የዚህ ትርጉም ይገባናል።

የአዊ ሰው ግን ስለ ውድቀትና ስለ መነሣት የሚማርበት ከዚህ የከበረ ጨዋታ አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰማንያኛ ዓመቱ ተከብሯል። የዐድዋ ዘማቾችና ፈረሶቻቸው በሚታሰቡበት በዚህ በዓል ፈረሰኛው ጉግስ ይገጥማል፤ አንዱ ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፣ ሌላው ጋሻውን ወደ ኋላ መክቶ ይሸሻል። ፈረሱ፣ ሜዳው፣ ተፋላሚው በየጊዜው ስለሚለያይ እዚህም ሽምደዳ አይሠራም። ከስልኩ ጨዋታ የሚለየው ግን በሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ የወደቀው በእውነተኛ አካሉ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ብቻውን አይወድቅም፤ ልጓሙን ይዞ ፈረሱን የሚያቀርብለት፣ ለምን እንደ ወደቀ የሚነግረው ሽማግሌ በአጠገቡ አለ። ስልኩ ሞትን ያለ ቁስል ይሰጣል፤ ሽማግሌውን ግን አይሰጥም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አሁን ወደ እኛው ሜዳ ልምጣ። በጥር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዙር 3.2 ሆኑ። ፈተናው ከባድ ነው ብሎ ማማረር ይቻላል። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ያ ተማሪ እዚያ ከመድረሱ በፊት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ በርካሽ የመውደቅ ዕድል ሰጠነው? የፈተና ወረቀቱ ከወር በኋላ፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ሲመለስለት፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። የት እንደ ወደቀ አያውቅም፤ ቢያውቅም እንደገና የሚሞክርበት መንገድ የለውም። በመጨረሻ የሚገጥመው ውድቀት ደግሞ ውድ ነው። በተለይ ከገጠር ቀበሌ መጥታ ቤት ተከራይታ ለተማረች ልጅ፣ ወደ ቤት መመለስ ብዙ ጊዜ የትምህርቷ ፍጻሜ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጨዋታ ሦስት ነገር እንድንወስድ አሳስባለሁ። መልመጃው አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን፤ ውድቀቱ የአንድ ሰዓት እንጂ የአንድ ዓመት ዋጋ አያስከፍል። ጥያቄው በየጊዜው ቁጥሩና መልኩ ይለወጥ፤ የባልንጀራን መልስ መገልበጥ እንዳይጠቅም ይሆናል። የስሕተቱም ምክንያት በዚያው ቀን ይታይ። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል ትሉኝ ይሆናል። ሁሉን ወረቀት ማረም ባይቻል፣ በየቀኑ አንዲት ጥያቄ ሰጥቶ፣ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ አድርጎ፣ የተለመደውን ስሕተት በሰሌዳ ላይ መፍታት ግን ይቻላል።

ወጣቱ ችግርን አይጠላም፤ ይህን በስልኩ ላይ በየቀኑ ያስመሰክራል። የሚጠላው ምክንያቱ የማይነገረውንና ዳግመኛ የማይሞከረውን ውድቀት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የእኛ ሥራ ምሳር መጨመር ሳይሆን፣ ልጓሙን ይዞ ፈረሱን እንደሚያቀርበው ሽማግሌ፣ ተማሪው እንደገና እንዲወጣ እርካቡን መያዝ ነው።