የሚደማ ድድ ምን ይነግረናል?



የዛሬው መልእክታችን በተለይ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ወንድሞችና እህቶች ነው፤ ዶርም ውስጥ የሚኖር ተማሪ ሁሉ ግን ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን። ለውዱእ ሲጉመጠመጡ ከአፋቸው ደም የሚወጣ ተማሪዎች አሉ። «ደሙ ውዱእ ያፈርሳል ወይ?» የሚለውን ዑለሞችን ትጠይቃላችሁ። እኛ የምናነሳው ደሙ ከየት መጣ የሚለውን ነው።

ጤነኛ ድድ በቀስታ ሲፋቅ አይደማም። ጥርስ ሳይጸዳ ውሎ ሲያድር በድዱ ጠርዝ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ቆሻሻ ይሠራል። በውስጡ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ድዱም ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ቆሻሻው ከሰነበተ ይጠጥርና በብሩሽ የማይለቅ ድንጋይ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ። እንግዲህ አስቡት፤ ለዚህ ችግር አንድ የፈተና ሰሞን ይበቃዋል ማለት ነው።

የፈተናን ሌሊት እናውቀዋለን። አንዱ ጫት በስኳርና በለስላሳ ሲቅም ያድራል፤ ሌላው ስኳር የበዛበት ቡና እየጠጣ ያነባል፤ ሁለቱም አፋቸውን ሳያጸዱ ይተኛሉ። ቡና የጌዴኦ ምድር በረከት ነው፤ ጥርስን የሚያበሰብሰው ስኳሩ ነው። ሲጋራ ደግሞ የድድን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ መድማቱን ይሸፍናል፤ አጫሹ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፣ በሽታው ግን ከሥር ይሠራል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ደም ሲታይ ብሩሹን ማስቀመጥ ነው። ያደማው ቆሻሻው ሆኖ ሳለ ማጽዳቱን ማቆም በሽታውን ማሳደግ ነው። ችላ ሲባል ጥርስን የያዘው አጥንት ያልቃል፤ ያለቀ አጥንት ደግሞ እንደ ድዱ በቀላሉ አይመለስም። ጥርሱም ይነቃነቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጠዋትና ከመኝታ በፊት፣ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ 2 ደቂቃ ያህል፣ የድዱን ጠርዝና የጥርሱን የውስጥ ገጽ ሳንዘል እናጽዳ። ውሃ ቢጠፋ አንድ ኩባያ ይበቃል። በረመዳን ከኢፍጧር በኋላና ከሱሑር በኋላ ይሁን።

ሲዋክንም አንርሳ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በየሶላቱ አበክረው የወደዱት፣ በመጨረሻ ሕመማቸውም ያልተዉት ሱና ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል። ጫፉን አለስልሰን፣ ድዱን ሳንቧጭር፣ በቀስታ እንፋቅ፤ ጫፉ ሲያረጅም እንቁረጠው። መፋቂያውንም ሆነ ብሩሹን ከጓደኛ ጋር አንጋራ።

ሁለት ሳምንት በደንብ አጽድታችሁ መድማቱ ካልቆመ፣ መግል ካለ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የስኳር ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር እህት ደግሞ ከመጀመሪያው አይዘግዩ። የጠጠረውን ድንጋይ የሚያነሳው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሰውነታችን አማና ነው፤ አላህ በጤና ተምረው ወገናቸውን ከሚጠቅሙት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።