ስም አልባው ተጽዕኖ፦ ጥቁር ሠዓልያን በፓሪስ



ስለ ዘመናዊ ሥዕል አጀማመር ስናስተምር አንድ ታሪክ ደጋግመን እናነሣለን። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1907 በፓሪሱ የትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪካን ጭንብሎች ተመለከተ፤ የአሣሣል መንገዱም ተለወጠ። ታሪኩ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። የተመልካቹ ስም ተመዝግቦ ሳለ የቀራጮቹ ስም የለም። በዚህ አተራረክ አፍሪካ ዕቃ አቅራቢ፣ አውሮፓ አሳቢ ሆነው ይቀርባሉ። እኔ ግን በዚያች ከተማ በአካል ተገኝተው ያሰቡና የሠሩ ጥቁር ሠዓልያንን በስማቸው ልጥራ።

ደቡብ አፍሪካዊው ኧርነስት ማንኮባ በአገሩ ለጎብኚዎች የሚሸጡ ቅርጻ ቅርጾችን እንዲያሠራ የቀረበለትን ሹመት አልቀበልም ብሎ በ1938 ፓሪስ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች አሰሩት። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948 ፓሪስ ውስጥ ከተመሠረተው የኮብራ ቡድን ጋር ሥራዎቹን አቀረበ። ሆኖም የቡድኑ ታሪክ ሲጻፍ ስሙ ለረጅም ዘመን ተዘልሎ ኖሯል።

ኩባዊው ዊፍሬዶ ላምም ፓሪስ የደረሰው በዚያው በ1938 ነው። ከፒካሶ ጋር ተወዳጀ። ይሁን እንጂ የአፍሪካን መንፈስ ከፒካሶ አልተዋሰም፤ የክርስትና እናቱ የሳንቴሪያ እምነት ካህን ነበረችና ከልጅነቱ ያውቀዋል። በ1943 የሣለው «ጫካ» የተሰኘው ሥራው ለዚህ ምስክር ነው።

የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን በ1957 ፓሪስ ሲገባ የላምን ሥራዎች አገኘ። በግራንድ ሾሚዬር የሥዕል አካዳሚ ተማረ፤ አስተማረም። የክታብ ጥቅልሎቻችንን ቅርጽ ከዘመናዊው ሥዕል ጋር አዋሕዶ በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ማስተማር ጀመረ። እነሆ፣ ተጽዕኖ ከሰው ወደ ሰው፣ ከጥቁር ሠዓሊ ወደ ጥቁር ሠዓሊ ሲሸጋገር እናያለን፤ መንገዱም አዲስ አበባ ደርሷል።

በ2025 የፖምፒዱ ማዕከል «ጥቁር ፓሪስ» በሚል ርእስ የ150 ያህል ሠዓልያንን ሥራ ለሕዝብ አሳይቷል። ዐውደ ርእይ ግን ይዘጋል፤ ዘልቆ የሚኖረው በየክፍሉ የምናስተምረውና በየጥናቱ የምንጽፈው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሆይ፣ በመመረቂያ ጽሑፋችሁ «የአፍሪካ ጥበብ ተጽዕኖ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በስም ካልተጻፈ፣ የትሮካዴሮን ጭንብሎች ዳግመኛ ያለ ቀራጭ እናስቀራቸዋለን።