አራሚው ማን ነው?

(ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን! ዛሬ ስለ ኪሳችን ስልክ ልንነጋገር ነው። ሌላውን ከመምከር በፊት የራስን ጥፋት ማመን ይቀድማልና፣ ከራሳችን እንጀምር።

በአንድ የረመዳን ሌሊት ከተራዊሕ ስንወጣ፣ በእኛ በመድረሳ አስተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ፎቶ ገባ። የተቃጠለ መስጂድ ነው። ጣሪያው ወድቋል፤ አመዱ ውስጥ የቁርኣን ቅጠሎች ይታያሉ። ከሥሩ የአንዲት የአገራችን ከተማ ስም ተጽፎ «ዛሬ ማታ» ይላል። ዓይናችን እንባ አቀረረ። ማን ላከው፣ ከየት መጣ ሳንል ለተማሪዎቻችን ወላጆች አስተላለፍነው። ለሱሑር ስንነሳ ፎቶው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ከሱብሒ በኋላ ወጣቶች በመስጂዱ በር ተሰበሰቡ። በዕድር አብረውን የሚቀብሩ፣ ቡና አብረውን የሚጠጡ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ቤት በቁጣ ማየት ጀመሩ። በዚህ መሐል አንድ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ እስኪ መጀመሪያ እዚያ ከተማ ዘመድ ያለው ይደውል» አሉ። ተደወለ። መስጂዱ እንደቆመ ነው፤ ሰዉ ሰግዶ ወደ ቤቱ ገብቷል። ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ጦርነት ላይ የተነሳ ነበር።

አላህ አወጣን። እኛ አስተማሪዎቹ ግን ቤታችን ገብተን አንገታችንን ደፋን። ልጆችን «ያልቀራችሁትን አታስተምሩ» የምንል እኛው፣ ያላጣራነውን ለመንደር አዳረስን። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ያዘን፦ ይህ ዜና እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያረመው ማን ነበር? ማንም አልነበረም።

ውድ ጀመዓ! አባቶቻችን እንዴት ይማሩ እንደነበር እናስታውስ። የወሎ ደረሳ አንዲት ኪታብ ለመቅራት ስንቁን ቋጥሮ ወደ ዳና ወይም ወደ ጌታ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ቀለሙን ከጥላሸት ይበጠብጣል፤ ብዕሩን ከሸንበቆ ይቀርጻል፤ ኪታቡን በእጁ ይገለብጣል። በሐረርም ኪታብ መገልበጥና መጠረዝ የተከበረ ሙያ ነበር። ደረሳው ገልብጦ ሲጨርስ ግን ሥራው አላለቀም። ሸይኹ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ሸይኹ ይሰማሉ፤ ሐረካ ሲሳሳት ያስቆሙታል። ለማስተማር ኢጃዛ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሸይኹም ከማን እንደቀሩ ያውቃሉ፤ የሸይኻቸው ሸይኽም ይታወቃሉ።

ይህ ልማድ ከሶሓቦች ዘመን የመጣ ነው። ከየማማ ጦርነት በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣን በአንድ እንዲሰበሰብ ሲያዝዙ፣ ሥራው የተሰጠው ለዘይድ ቢን ሣቢት (ረ.ዐ) ነበር። ዘይድ ራሳቸው ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ነበሩ። ሆኖም በራሳቸው ሒፍዝ ብቻ አልጻፉም፤ የሌሎችን ሒፍዝና በጽሑፍ ያለውን አመሳከሩ። የሐዲስ ሊቃውንትም «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» እያሉ ኢስናዱን እስከ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ ይቆጥሩ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ያ ዘመን ዕውቀትን ቢጠብቅም ለብዙው ሰው አላዳረሰም። መጓዝ ያልቻለው ደሃ፣ ቤት የቀረችው እህት፣ እርሻው ያልለቀቀው ገበሬ ከኪታቡ ርቀው ኖረዋል።

ይህን የቀየረው ማተሚያ ነው። ቻይናና ኮሪያ ቀድመው የሚያውቁት ጥበብ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ዮሐንስ ጉተንበርግ በጀርመኗ ማይንዝ ከተማ እየተነቀሉ እንደገና የሚደረደሩ የብረት ፊደላትን ለመጽሐፍ ኅትመት አዋለ። አንድ ጸሐፊ አንዱን ቅጂ ለመጨረስ ወራት በሚፈጅበት ዘመን፣ አንድ ጊዜ የተደረደረ ገጽ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ያወጣ ጀመር። መጽሐፍ ረከሰ፤ አንባቢ በዛ።

ማሽኑ ግን እውነትንና ውሸትን አይለይም። እዚያው ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ በጥንቆላ የሚወነጅል መጽሐፍ ታተመ። እየታተመ እየተደገመም ብዙ አገር አዳረሰ። በኋላ በአውሮፓ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በዚሁ ክስ ሲገደሉ እሳቱን ካራገቡት ነገሮች አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነበር።

የአላህ ቃል ራሱ ባልታረመ እጅ ምን እንደገጠመው እንይ። እ.ኤ.አ. በ1537 እና 1538 ገደማ ፓጋኒኒ የሚባሉ አባትና ልጅ በጣሊያኗ ቬኒስ ሙሉ ቁርኣን በዐረብኛ አተሙ። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ፊደሉ ተምታቷል፤ ሐረካው ተበላሽቷል። እንዲህ ያለ ሙስሐፍ ሙስሊም እጅ ሊገባ አይችልም። ለዘመናት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አንድ ቅጂ ብቻ በ1980ዎቹ እዚያው ቬኒስ ተገኘ።

አንዳንዴ «ማተሚያን ያዘገዩት ዑለማዎች ናቸው» ሲባል እንሰማለን። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ዋጋም አስከፍሎናል። ኪታብ በሙስሊሙ ዓለም ለረጅም ጊዜ ብርቅና ውድ ሆኖ ቆይቷል። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1727 በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የሆነ፣ እስልምናን የተቀበለ ኢብራሂም ሙተፈሪቃ የሚባል ሰው በኢስታንቡል ማተሚያ ለማቋቋም ፈቃድ ጠየቀ። ሸይኹል ኢስላም ዐብዱላህ አፈንዲ በፈትዋቸው ፈቀዱ፤ ሱልጣን አሕመድ 3ኛም አጸደቁት። ፈትዋው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ነበር፤ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን የሚያርሙ ዐዋቂዎች ይመደቡ የሚል። አራት ሊቃውንትም በስም ተመደቡ። የቁርኣን፣ የሐዲስና የፊቅህ ኪታቦች ከፈቃዱ ውጭ ሆነው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1729 የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ የዐረብኛና የቱርክኛ መዝገበ ቃላት፣ ወጣ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህችን ነጥብ ያዙልን! ዑለማዎቹ «ማሽኑ ሐራም ነው» አላሉም። የጠየቁት «አራሚው ማን ነው?» ብለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ በካይሮ የቡላቅ ማተሚያ ቤት ሲቋቋምም የአዝሃር ዑለማዎች በአራሚነት ይሠሩ ነበር። ሙያቸው «ሙሰሒሕ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1924 በካይሮ የታተመው ሙስሐፍ በዐዋቂዎች ተመርምሮ ስለወጣ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አገኘ። ዛሬ ልጆቻችን በመድረሳ የሚቀሩበት የመዲናው ሙስሐፍም፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተከፈተው ማተሚያ የሚወጣው፣ በሊቃውንት ሳይታረም ቅጠሉ አይጠረዝም። በአገራችንም ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሞ ሲወጣ፣ ዐረብኛ ያልቀሩ ስንት እናቶችና አባቶች የጌታቸውን መልእክት ትርጉም በቋንቋቸው አነበቡ! ዕውቀቱ ሰፋ፤ ጥበቃውም አልቀረም።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት መጣ። ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት የጥቂቶች ሆኖ ቆየ፤ ስልክ ላይ ሲወርድ ግን የሁላችን ሆነ። ይህ ከአላህ ጸጋ ነው፤ አንክድም። አባቶቻችን ለአንዲት ኪታብ ወር ይጓዙ ነበር፤ ዛሬ ሻሚላን የጫነ ሰው በሺዎች የሚቆጠሩ ኪታቦች በኪሱ ይዟል። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በኩዌት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ የድምፅ ደርሳችንን በጆሮዋ ትሰማለች። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ በሩን ሲዘጋብን አቤቱታችንን ለወገን ያሰማነውም በዚሁ ስልክ ነው።

ነገር ግን ስልኩ ሲመጣ በመሐል የነበረው ሰው ቀረ። ሸይኹ የለም። ሙሰሒሑ የለም። አዘጋጁ የለም። ጸሐፊውም፣ አታሚውም፣ አከፋፋዩም አንድ ጣት ሆነ። ታዲያ አራሚው ማን ነው? እኛ ነን። ስልክ የያዘ ሁሉ ሙሰሒሕ የመሆን አማና አለበት። ወሬ አምጪ ሲመጣ አጣሩ የሚለው የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ትእዛዝ ለዑለማ ብቻ የወረደ አይደለም፤ ለአማኞች ሁሉ ነው። የሰሙትን ሁሉ ማውራት ብቻውን ለውሸታምነት እንደሚበቃም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ዛሬ «ማውራት» ማለት «ሼር» ማድረግም ነው። አባቶቻችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ።

የዚያ ፎቶ ዳፋ በአንድ ሌሊት አላለቀም። ከወራት በኋላ በእኛው አካባቢ አንድ እውነተኛ በደል ደረሰ። ምስክርም ማስረጃም ነበረን። ለጎረቤት ስናስረዳ ግን፣ «ያም እንደ ፎቶው እንዳይሆን» አሉን። ምን እንመልስ? የተበደለ ሕዝብ ያለው ትልቁ ንብረት መታመኑ ነው። ማተሚያ ቤት ይዘጋል፤ ኢንተርኔትም ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ የሚቀረን «እነሱ ካሉ እውነት ነው» የሚለን ሰው ብቻ ነው። አንድ የውሸት ፎቶ ያንን ሰው ያሳጣናል። በእጁ ደግሞ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ስለዚያም በቂያማ ቀን እንጠየቃለን።

ስለዚህ በመድረሳችን የተስማማንባቸውን ነገሮች እናካፍላችሁ፦

አንደኛ፣ ላኪው ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ እንደሆነ እንጠይቃለን። «ግሩፕ ላይ አየሁት» ኢስናድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቦታና ቀን የሌለው ፎቶ፣ ተናጋሪው የማይታወቅ የድምፅ መልእክት ከእኛ አያልፍም። ቦታው ከተጠቀሰም እዚያ ያለ ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም።

ሦስተኛ፣ የሚያስቆጣና የሚያስለቅስ ነገር ሲደርሰን አንድ ሶላት እስኪሰገድ እናቆየዋለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አራተኛ፣ ፈትዋና ሐዲስ ከሆነ የሚያውቅ ኡስታዝ ሳይጠየቅ አንልክም።

አምስተኛ፣ ከተሳሳትን፣ ስሕተቱን በላክንበት ቦታ ሁሉ እርማቱን እንልካለን። እኛ ያን ጊዜ ይህን ስናደርግ ከብዶን ነበር። ለእያንዳንዱ ወላጅ «ተሳስተናል፤ ፎቶው የሌላ አገር ነው» ብለን ጻፍን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና እርማቱ ፎቶው የደረሰበት ሁሉ አልደረሰም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ስልኩን ጣሉ አንልም። ማተሚያን በመጣል ዕውቀት አልተጠበቀም፤ አራሚ በመመደብ እንጂ። እናንት ወጣቶች፣ ከእኛ ይልቅ ስልኩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አንድ ፎቶ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ መፈለጊያውን ዘዴ ለእናቶቻችሁና ለአባቶቻችሁ አሳዩ። እኛም ኢንሻአላህ በመድረሳችን ከተጅዊድ ደርስ ጎን ይህን እናስተምራለን።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንንም ጣታችንንም ከውሸት ይጠብቅልን። እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፤ ከጎኑም ያቁመን። ያን ሌሊት «መጀመሪያ ይደወል» ላሉት አባታችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።