ተሂናው ሲጓጉል አትድፉት
(ማር ሚካኤል፣ በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተነገረ)

እህቶቼ፣ በመጀመሪያው ዓመቴ ተራቶር ስሠራ ተሂናው ሎሚ ሲነካው ጓጎለብኝ። ተበላሸ ብዬ ደፋሁት፤ ማዳም ዋጋውን ከደሞዜ ቆረጠች። ለካስ ጠባዩ ነው! ግማሽ ኩባያ ተሂና፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ከጨው ጋር የተወቀጠ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አድርጉና ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት፤ ይነጣል፣ ይላላል። ለዓሣም ለፈላፍልም ይሆናል። ለጾማችንም እንዲሁ፤ ሰሊጥ ነዋ፣ እንደ ሑመራችን! ቱም ላይ ግን ጠይቁ፤ የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩበት ቤት አለ። እንቁላል ያለበትን ደግሞ መብራት በጠፋበት ቀን አታሳድሩት፤ ልጆቹ ቢታመሙ የምንጠየቀው እኛ ነን። ለራሳችሁ በእንጀራ ስትበሉት ሚጥሚጣ ቆንጠር አድርጉበት፣ እኔ እንደዚያ ነው የምወደው።