ስለ ነጥብና ስለ መስመር፤ በኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚሣሉ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እነግራችሁ ዘንድ የተነሣሁበት ነገር ለጆሮ አዲስ ይመስላል እንጂ ዐይናችሁ ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀው ነው። ሸማኔ በጥለት ላይ አግድም የሚሄደውንና ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መስመር ያለ ችግር ያወጣዋል፤ ሰያፉን መስመር ግን በጥቂት በጥቂቱ እያሻገረ እንደ ደረጃ ያወርደዋል። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ደረጃ ነው። የኮምፒዩተር ስክሪንም እንዲሁ ነው። ገጹ በረድፍና በዓምድ በተደረደሩ እጅግ ትናንሽ ነጥቦች የተሞላ ነው፤ አንዱ ነጥብ ፒክሰል ይባላል።

ይህ ነገር ለመንደር ትምህርት ቤት ምን ይረባል የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ብልህ ተማሪ ያጣሁት በዚሁ በነጥብ ምክንያት ነው። ልጁ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1996 በወጣው በጃቫ ሥዕል መሣል ይማር ነበር። አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያኖር ትእዛዝ ፈልጎ ቢያጣ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም ራሴ ሳልመረምር «ፈልግ፤ አይጠፋም» አልሁት። ብዙ ቀን ፈልጎ አላገኘም፤ ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም ብሎ ተወው። ጥፋቱ የኔ ነበር። በዚያ የሥዕል ክፍል የመስመር፤ የአራት ማዕዘንና የሞላላ ትእዛዝ አለ፤ የነጥብ ትእዛዝ ግን የለም። መነሻውና መድረሻው አንድ ስፍራ የሆነ መስመር ቢያዙት ግን አንዲት ነጥብ ይወጣል። ይህነን አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ ልጁ አይቀርም ነበር።

ሁለተኛው መሰናክል ቈጠራ ነው። ከ0 እስከ 7 የተሠመረ አግድም መስመር ስንት ነጥብ አለው? ተማሪው 7 ይላል፤ ነጥቡ ግን 8 ነው። አጥር ያጠረ ሽማግሌ ይህን ያውቀዋል፤ 7 ክፍተት ያለው አጥር 8 ካስማ ይፈልጋልና። በጃቫም ወርዱ 10 ቁመቱ 5 የሆነ የአራት ማዕዘን ዙሪያ ቢያዙ 11 በ6 ነጥብ ይይዛል፤ ውስጡን በቀለም የሚሞላው ትእዛዝ ግን 10 በ5 ብቻ ይሞላል። ስለዚህ በቀኝና በግርጌ ያለው ጠርዝ ከቀለሙ ውጭ ሲቀር ተማሪው መኪናው የተሳሳተ ይመስለዋል።

ረድፉም የሚቈጠረው እንደ ንባባችን ከላይ ወደ ታች ነው፤ ዜሮው በግራ ራስጌ ነው። በሒሳብ ትምህርት ወደ ላይ መቍጠር የለመደ ልጅ ተራራ ሲሥል ተገልብጦ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰያፉ መስመር በነጥቦች መካከል ሲያልፍ የትኛው ነጥብ ይብራ? ለያንዳንዱ ነጥብ ማካፈልና ክፍልፋይ ማስላት ለቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች አድካሚ ነበር። በ1962 ጃክ ብሬዘንሃም የተባለ ሰው፤ በሳን ሆዜ በአይ ቢ ኤም ሲሠራ፤ ለዚህ በመደመርና በመቀነስ ብቻ የሚፈጸም ሥርዓት አገኘ። ሥርዓቱን ያወጣው በ1401 ኮምፒዩተር ለሚታዘዝ ብዕር ለሚያንቀሳቅስ የሥዕል መኪና ነው፤ በ1965ም በጽሑፍ ታተመ።

ይህን ለማስተማር ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ በመሬት ላይ ገበታ አስምራችሁ ባቄላ ያዙ። ከዓምድ 0 ረድፍ 0 ተነሥተን ዓምድ 7 ረድፍ 3 እንድረስ። የ3 እጥፍ 6 ነው፤ ከ6 ላይ 7 ሲነሣ 1 ዕዳ ይቀራል፤ መነሻ ሒሳባችን ይህ ነው። በያንዳንዱ እርምጃ አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ እንሄዳለን። ሒሳቡ ዕዳ ወይም ባዶ ከሆነ በረድፋችን ቆይተን 6 እንጨምራለን፤ ትርፍ ከሆነ ግን አንድ ረድፍ ወርደን 8 እንቀንሳለን። (8ቱ፤ የ7 እጥፍ ከሆነው ከ14 ላይ 6 ሲነሣ የሚቀረው ነው።) እንግዴህ ሒሳቡ ዕዳ 1፤ ትርፍ 5፤ ዕዳ 3፤ ትርፍ 3፤ ዕዳ 5፤ ትርፍ 1፤ ዕዳ 7 እያለ ይሄዳል፤ ባቄላውም በያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ሁለት ሆኖ በ4 ረድፍ 8 ይሆናል። የዕዳውና የትርፉ ትርጓሜ፤ እውነተኛው መስመር ከላይኛው ነጥብ ወይስ ከታችኛው ይቀርባል የሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

ልጆቹ ይህን ከለመዱ በኋላ መድረሻውን ዓምድ 3 ረድፍ 7 አድርጉና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በዚያው ሥርዓት ቢሄዱ በ3 እርምጃ ረድፍ 3 ላይ ይቀራሉ እንጂ ከመድረሻው አይደርሱም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱ ተነሥቶ ዓምዱንና ረድፉን እናለዋውጥ፤ በያንዳንዱ እርምጃ አንድ ረድፍ እንውረድና ስለ ዓምዱ እንጠይቅ ይላል። እርሱ እስኪነሣ ድረስ መልሱን አትንገሩ።